ማንም የማይበላት ዳክዬ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ አብዶ ይማም
ገርባ፣ ወሎ

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ። ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ ደጃፍዎ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ በጤና እንድታገኝዎት አላህን እለምናለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ጠዋት ጠዋት ሲነሡ የሚቆረጥምዎት ነገር ተሻለዎት? ወዲህና ወዲያ በሚመላለሰው በዲኖ የላክሁልዎትን ቅባት ይታሹበታል ወይስ እንደ ዓምናው ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ነው? ማሽላው ደረሰ? የጥቅምት ብርድ እዚያም ጠንቶ እንደሆነ ካፖርቱን አውጥተው ይልበሱት፤ ለዒድ ብቻ አልተገዛም። እኛ፣ እኔም ጀዋሂርም ልጆቹም፣ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን። ሙአዊያ ቁመቱ እኔን ሊያልፍ ነው፤ ትምህርቱን ግን አይጠይቁኝ።

ምነው በስልክ አልነገርከኝም እንደሚሉ አውቃለሁ። ጆሮዎ ከከዳዎት ወዲህ እኅቴ ራያ ስልኩን ትይዝልኝና እኔ ከዚህ ስጮኽ መንደሩ ሁሉ ይሰማል፤ የማይሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዓይንዎ ግን አላህ ይመስገን ገና አልደከመም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለመዱትን ፊደል በጣትዎ እየተከተሉ እንደሚያነቡ አውቃለሁና ይህችን ደብዳቤ ራስዎ ያንብቧት። ልጇ ሚንሃ ላንብብልዎት ብትል እሺ እንዳይሏት። መጀመሪያው ያስቅዎታል፤ መጨረሻው ግን በእኔና በእርስዎ መካከል የሚቀር ነገር ነው።

ሱሉልታ ሚልኬሳ የሚባል ገበሬ ወዳጅ አለኝ። ሰበታ ከመምጣቴ በፊት ሱሉልታ ትንሽ ሱቅ በነበረችኝ ጊዜ ገመድ ሊገዛ መጥቶ ነው የተዋወቅነው። እኔ ወደ ሰበታ ከተዛወርሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ ገመድና ማጭድ የሚገዛው ከእኔው ነው። ለአንድ ማጭድ የግማሽ ቀን መንገድ ምን ያደርግልሃል ስለው ማጭዱስ እዚያም አለ፣ ጨዋታው ነው የሌለው ይለኛል። እንደዚህ ያለ ሰው ነው። ያለፈው ሐሙስ ደወለልኝ። ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ስለነበር ሰው የሞተበት መስሎኝ ደነገጥሁ።

ነገሩ የውሻው ነው። ጉራቻ የሚባል ጥቁር ውሻ አለው፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ በጡጦ ወተት ያሳደገው። የጎረቤቱ የኦቦ ዳዲ ግልገሎች በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሦስት አለቁ። ሦስተኛዋ የሞተች ዕለት ኦቦ ዳዲ ጩኸት ሰምተው ሲወጡ ጉራቻ ከሞተችው ግልገል ራስ ላይ ቆሟል፣ አፉ ደም ነው። ሽማግሌ ተሰበሰበ። በዚያ አገር በግ የቀመሰ ውሻ አያድርም፤ የሚገድለውም ባለቤቱ በገዛ እጁ ነው፣ ሌላ ሰው ከገደለው ቂም ይሆናል ይላሉ። ሚልኬሳ ቀበሮ ነው እንጂ ውሻዬ አይደለም ብሎ ቢለምን እስከ እሁድ ቅዳሴ መውጫ ቀን ሰጡት። እስከዚያ ቀበሮውን ካላሳየ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጉራቻን ይዞ ወደ ጫካ ይወርዳል ማለት ነው።

ለእኔ ለምን ደወለልኝ? የራሴው ጉራ ነዋ። አንድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለን አባቴ በሁለት አውራ ጣቱ መካከል የሣር ቅጠል ይዞ ሲነፋ ግልገል የምታለቅስ ይመስላል፣ ከተራራ ማዶ ቀበሮ ይጠራል፣ እኔንም አስተምሮኛል ብዬው ነበር። ያን እሱ አልረሳም። ና ጥራልኝ አለኝ። ደግሞ እንድመጣ ሊያባብለኝ ቅዳሜ ረግረጉ ላይ ዳክዬ እናጠምዳለን፣ ባርከህ ታርዳለህ፣ «ለጥቅምት አንድ አጥንት» አይደል የሚባለው አለኝ። አባዬ፣ ሣር ከነፋሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ይህን ልነግረው አፌን ከፍቼ እንደገና ዘጋሁት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቁን ለጀዋሂር ትቼ በቡራዩ በኩል ሦስት ታክሲ ቀይሬ ሄድሁ። አሁን ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ሸገር ተብለን አንድ ከተማ ሆነናል፤ ታክሲዎቹ ግን ገና የሰሙ አይመስለኝም።

የሚልኬሳን ሚስት ደጊቱን ቢያይዋት ይወዷታል። እኔ በክርስቲያን ቤት የታረደ እንደማልበላ ስለምታውቅ ለእኔ ብቻ የምታስቀምጣት ድስት አለቻት፤ እንዳትሳሳት ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር አስራባታለች። ስሄድ ሁልጊዜ በዚያች ድስት ሽሮ ትሠራልኛለች። አሁን ግን ዳክዬ ሊመጣ ነው ሲባል ጭንቅ ያዛት። ጣቱ በቆዳ የተያያዘ ወፍ ለእነሱ እርም ነው፤ ማዕድ ቤታቸው አይገባም። እንግዳዬ ደግሞ በወር አንዴ መጥቶ ሥጋ ሳይበላ ሊሄድ ነው አለች። በመጨረሻ ድስቷን ከነክሯ ይዛ ወጥታ ከግቢው ውጭ ከአጥሩ ሥር ሦስት ጉልቻ ጣለችልኝ። ማገዶውንም ሽንኩርቱንም አቀረበች፤ የቀረን ዳክዬዋ ብቻ ነበረች።

ቅዳሜ ማለዳ ወጣን። መሣሪያ እንደሆነ መያዙም ጣጣ ነው፣ የለንምም። ሚልኬሳ ከፈረስ ጭራ የፈተለውን ሸምቀቆ በረጅም ገመድ ላይ ደረደረና ዳክዬዎቹ ከውኃው ወደ ሣሩ የሚወጡበት ላይ ዘረጋው። ረግረጉ እርስዎ ቢያዩት የዱሮውን የሐይቅ ዳር ያስታውስዎት ነበር፤ ዳሩ ግን በአንድ ወገን የፋብሪካ አጥር፣ በሌላው ወገን ሰው ያልገባበት አዲስ ቤት ከቦታል። ዳክዬዎቹም ያው እንደኛ በቀረችው ቦታ ተጠጋግተዋል። እኛ ቄጤማ ውስጥ ተኛን። ውርጩ በሱሪዬ ገብቶ በአንገቴ ወጣ። ልክ ሊጠጉልን ሲሉ አንድ ጋጋኖ የሚሉት ወፍ ከላያችን ላይ ተነሥቶ ያን የሰማይ ለቅሶውን አቀለጠው፤ ሁሉም በረሩ። ሚልኬሳ በኦሮምኛ ረገመው፣ እኔ በአማርኛ አገዝሁት። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ተመለሱ። አንዷ፣ ደህና ወፍራም፣ እግሯን ሸምቀቆው ውስጥ አስገባች።

እኔ ቢላዬን መዝዤ ተነሣሁ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ያዘኝ። ሚልኬሳ ቀድሞኝ ደርሷል። ዳክዬዋ ክንፏን ስታርገፈግፍ ጊዜ ገመዱ ሊበጠስ ነው ብሎ ፈራ፣ ደግሞም ደስ ብሎታል፣ በያዘው ዱላ ራሷን አንዴ ደለቃት። እኔ ገና ቢስሚላሂ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሁለት እጁን ዘርግቶ ይዟት ወደ እኔ ዞሮ በድል ሲስቅ ፊቴን አየ፤ ከዚያ ቢላዬን አየ፤ ከዚያ ዳክዬዋን አየ። ሳቁ እንዴት እንደወረደ ባዩልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህች ግን የምትለቀምም አልሆነች። ለእኔ ሳትባረክ በዱላ የሞተች በክት ናት። ለእሱ ከእናቷ እንቁላል ጀምሮ እርም ናት። እዚያ ጭቃ ውስጥ እንደቆምን በሱሉልታ ከተማ ይህችን ዳክዬ ማን ሊበላ እንደሚችል ተመካከርን፤ አንድም ሰው አጣን። ደጊቱ ስትሰማ መሬት ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ድስቷ ተረፈችላት። እኔም በዚያችው ድስት ሽሮዬን በላሁ።

እንግዲህ ለቀበሮው ትሁን አለ ሚልኬሳ። ማታ ሊሆን ሲል ዳክዬዋን ጆንያ ውስጥ ከትተን ኦቦ ዳዲ ዘንድ ሄድን፤ ሰው ካላየው ቀበሮ ቢመጣ ባይመጣ ለሽማግሌ ምን ይጠቅማል ብዬ ነው። አባዬ፣ እኔ ክፉ ሰው ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ግን በባዶ ቤት ብቻውን ቁጭ ብሎ ለአንዲት በግ ገብስ የሚያሽ ሽማግሌ ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ተረፈች በሰኔ ሞታባቸዋለች። በጊቱ የእሷ ነበረች፤ ከመሞቷ በፊት ግልገሎቹን አደራ ብላቸው ነበር። ሦስቱንም ጠብቄ ማቆየት አቃተኝ አሉኝ። ስለ ጉራቻ ሳነሣ ግን ተቆጡ። ውሻው «ብታዩኝ እስቃለሁ ባታዩኝ እሰርቃለሁ» ነው፤ አፉ ላይ ደሙን አይቻለሁ አሉ። አንቱ ደሙን አይተዋል፣ ሲበላ አይተዋል ወይ አልኋቸው። ጠዋት እመጣለሁ፣ ዋንጎ ካልመጣ ግን አንተም ከወዳጅህ ጋር ወደ ጫካ ትወርዳለህ አሉኝ። ዋንጎ የሚሉት ቀበሮን ነው።

እሁድ ሱብሂ ሰግጄ ወጣን። ጉራቻን ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰርነው፤ ገመዱ ከእኔ ሱቅ የተገዛ ነው፣ ይህን በኋላ ለጀዋሂር እንዳይነግሩብኝ። ዳክዬዋን ከባሕር ዛፉ ፊት ለፊት ሜዳው ላይ አኖርናት። እኛ ሦስታችን ከድርቆሽ ክምሩ ኋላ ተደበቅን። ኦቦ ዳዲ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ሰፊ የሣር ቅጠል መርጬ በአውራ ጣቶቼ መካከል ወጠርሁና ነፋሁ። የወጣው ድምፅ፣ አባዬ፣ በሰው ፊት የማይወጣ ዓይነት ድምፅ ነው። ኦቦ ዳዲ አፋቸውን በጋቢ አፈኑ። ሁለተኛም እንዲሁ። ሚልኬሳ አልሳቀም፤ ዓይን ዓይኔን ያያል። ከዚያ እርስዎ አውራ ጣቶቼን ይዘው «አትንፋው፣ አልቅስበት» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ትንፋሼን አሳጠርሁና ለቀቅሁት። አለቀሰ። ከወዲያ በረት ውስጥ የተረፈችው በግ መለሰችለት። ኦቦ ዳዲ መሳቁን ተዉ።

መጀመሪያ የመጣው ቀበሮ አይደለም። ጉራቻ ነው፣ የበጠሰውን ገመድ እየጎተተ። ቀጥ ብሎ ወደ ዳክዬዋ ሲሮጥ ኦቦ ዳዲ ዱላቸውን ጨብጠው ተነሡ። አላልኳችሁም አሉ በሹክሹክታ። ሚልኬሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም ጉራቻ አለቀለት ብዬ ነበር። ውሻው ግን ዳክዬዋን አንዴ አሸተታትና ጀርባውን ሰጣት። ፀጉሩ ቆሟል፣ ዓይኑ ባሕር ዛፉ ላይ ነው፣ ያጉረመርማል። የኦቦ ዳዲን ጋቢ ጫፍ ይዤ ትንሽ ይታገሡ አልኋቸው። ከባሕር ዛፉ ሥር ሁለት ቀበሮ ወጣ። አንዱ ፊት ለፊት ቆሞ ጉራቻን አዘናጋው፤ ሌላው በጎን ዞሮ ዳክዬዋን ነጠቀና ሸሸ። ጉራቻ ደረሰበት፣ ከአፉ ይዞ ተጓተቱ፣ ላባው በነነ። ቀበሮው ለቀቀ። ሁለቱም ወደ ዛፉ ጠፉ። ጉራቻ ዳክዬዋን በአፉ አንጠልጥሎ አመጣና እነበረችበት ቦታ መልሶ አስቀመጣት፤ ራሷ ላይም ቆመ። አፉ ደም ነው።

 ያን ጊዜ አንድ ሰው ከቤቱ ቢወጣ የሚያየው ይህን ብቻ ነበር፤ የሞተች ዳክዬና ደም በአፉ ያለ ውሻ። ኦቦ ዳዲ ዱላቸውን ጥለው ድርቆሹ ላይ ተቀመጡ። ግልገሏ ስታለቅስ ከእኔ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር ማለት ነው አሉ። ከዚያ ጉራቻን ጠርተው ራሱን ዳሰሱት። እሱም ለሁላችንም ደርሶ የእኔን እጅ እስከ ክርኔ ላሰኝ። በእኛ በእስላሞች ደንብ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ስታጠብ ኦቦ ዳዲ ውኃ እያፈሰሱልኝ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያሉ እስከ ቶርባ ቆጠሩልኝ። ዳክዬዋ ለጉራቻ ሆነች። በአገሩ ሁሉ እርምም በክትም የማያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ኦቦ ዳዲ ራሳቸው ተነሥተው ተናገሩ፣ ሚልኬሳንም ይቅር በለኝ አሉት። ግን ደንቡ ነውና እኔንም ለምስክር አቆሙኝ። ኦሮምኛዬ እንደማያዛልቅ አይተው አንዱ ሽማግሌ በአማርኛ «በዓይንህ በብረቱ አይተሃል?» ብለው ጠየቁኝ።

አባዬ፣ ሰው ሁሉ ይጠብቃል፣ ሚልኬሳ ምነው ብሎ ያየኛል፣ እኔ አየሁ ማለት አቃተኝ። እውነት ነበር እኮ፤ ሁሉንም አይቻለሁ። ነገር ግን ይህንኑ ጥያቄ በነዚሁ ቃላት ከዚያ በፊት የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። እንደምንም አይቻለሁ ብዬ ተቀመጥሁ፣ ጉራቻም ዳነ። ሰበታ እስክደርስ ግን ታክሲው ውስጥ ስለ ሌላ ውሻ ነበር የማስበው።

መቻልን ማለቴ ነው። ያች ነጯ ግልገል የሞተች ዕለት ቤት መጥቼ መቻል ሲበላት አየሁት አልኋችሁ። እርስዎ አላመኑም። በዓይንህ በብረቱ አይተሃል ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፣ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ አልሁ። ገመድ ይዘው ከመቻል ጋር ወጡ፤ ሲመለሱ ገመዱን ብቻ ይዘው ነበር። ውሻ ይቀበራል ወይ ብሎ መንደሩ ሁሉ ሳቀብዎት፣ እርስዎ ግን ከእርከኑ በታች ከቁልቋሉ ሥር ቆፍረው ቀበሩት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውሻ አልገባም። ከዚያ ወዲያ ሣር ሲነፉም ሰምቼ አላውቅም።

አላየሁም አባዬ። ግልገሎቹን ጥዬ ወንዝ ወርጄ ስዋኝ ነበር። ስመለስ እሷ ሞታለች፣ መቻል ራሷ ላይ ቆሟል፣ አፉ ደም ነው። ያየሁት ይህን ብቻ ነው። የት ነበርህ እንዳይሉኝ፣ አለንጋውን ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ይብላት አይብላት አላህ ነው የሚያውቀው፣ እኔ ግን አላየሁም። እሁድ ጠዋት ጉራቻ እንደዚያው ሲቆም ሳይ መቻል ነው የመሰለኝ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሉ ነበር፤ የእኔው እስኪጠራ ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈጀ። እርስዎ የሚወዱትን ውሻ በገዛ እጅዎ ያጠፉት በልጅዎ ቃል ተማምነው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብዬ እጅዎን ስስም ኖርሁ። አፉ በሉኝ። ቢቆጡኝም ይገባኛል፤ ብቻ አንዲት መስመር ይጻፉልኝና በዲኖ ይላኩልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ የዓይን ጠብታዋን በዲኖ ልኬአለሁ። ራያን ስለ ስልኩ ጩኸት ይቅርታ በሏት። ባሏ የህያ፣ ወንዝ ወርደን ስንዋኝ አብሮኝ ነበርና፣ ይህን ነገር እሱም ያውቃል፤ እንዳይቆጡት፣ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ሚንሃን ደብዳቤውን ስለ ከለከልኋት ከረሜላ ልኬላታለሁ። ሚልኬሳና ደጊቱ ሰላም ብለውዎታል። ኦቦ ዳዲም ሣር መንፋት ያስተማረህን አባት እድሜ ይስጠው ብለው መርቀውዎታል። ጀዋሂርና ልጆቹ እጅ ይነሣሉ።

ደግሞ ጉልበትዎ ሲሻልዎት፣ ከእርከኑ በታች ወደ ቁልቋሉ ሲወርዱ፣ ለመቻል ልጄ አላየም ነበር ብለው ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ኡዘይር አብዶ
ሰበታ
ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.